መከራ ብቻውን እኅት ያደርጋልን?

አብረው የተገፉ ሰዎች ሁሉ ወዳጆች ይሆናሉ የሚለው እምነት የቆየ ነው። እምነቱ ልብን ያጽናናል፤ ሲመረመር ግን ይላላል።

በአዲስ አበባ ተወልዳ በአሜሪካ የምትኖረው መዓዛ መንግሥቴ እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝኛ ያሳተመችው «ዘ ሻዶው ኪንግ» (የጥላው ንጉሥ) የተሰኘው ልቦለድ ይህንኑ እምነት ይፈትነዋል። ዘመኑ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ኢትዮጵያን የወረረበት 1928 ዓ.ም. ነው። ወላጆቿን ያጣችው ሂሩት በኪዳኔ ቤት ገረድ ናት፤ አስቴር ደግሞ የቤቱ እመቤት። ኪዳኔ በመጀመሪያ ሂሩት ከአባቷ የወረሰችውን ጠመንጃ ይነጥቃታል፤ በኋላም ገላዋን ይደፍራል። አስቴር ራሷ በልጅነቷ ሳትወድ የተዳረች፣ የሴትን መከራ በገላዋ የቀመሰች ሆና ሳለ፣ ሂሩትን በጅራፍ ትገርፋለች። የጨቋኝ ሥርዓት ዕድሜ የሚረዝመውም ጅራፉን ለተገራፊዎቹ ጭምር ስለሚያከፋፍል ነው።

ሁለቱ ሴቶች ይዘምታሉ፤ በአንድነትም ይማረካሉ። በምርኮው ግቢ እመቤትነትና ገረድነት ይቀራል፤ የጠላት ካሜራ ሁለቱንም እኩል ያዋርዳል። አንባቢው እዚህ ላይ «መከራ እኅትማማች አደረጋቸው» ብሎ መጽሐፉን ሊዘጋ ይችል ይሆናል። ይሁንና ጠላት የሰጠው እኩልነት ጠላት ሲሄድ አብሮት የሚሄድ ነው። ታዲያ የሚቀረው ምንድን ነው?

መልሱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም። የጎንደር፣ የባሕር ዳርና የደብረ ታቦር መንገዶች በሚገናኙባት በወረታ ዙሪያ የፎገራ ሜዳ ተንጣሎ ይገኛል። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች እየሞሉ በሚተኙበት በዚህ ሜዳ፣ ከ1970ዎቹ ወዲህ ሩዝ ይዘራል። የሩዝ አረም የአንድ ቤት ጉልበት አይበቃውምና ወንፈል የግድ ነው። የወንፈል ሕጉ አጭር ነው፦ ዛሬ ለጎረቤቷ የጎነበሰች፣ ነገ ጎረቤቷ ትጎነበስላታለች። ነገር ግን በእመቤቷ ስም ወደ ማሳው የምትላክ ገረድ ብትኖር፣ ላቡ የእርሷ ሆኖ ብድሩ የሚመለሰው ለእመቤቲቱ ነው። ሁለቱ አንድ ጭቃ ቢረግጡ፣ አንድ ዝናብ ቢመታቸው፣ ወንፈለኞች ሊባሉ አይችሉም። ወንፈልን ወንፈል የሚያደርገው አብሮ መድከም ሳይሆን ብድር መላሽነት ነውና።

«አገር ስትወረር የቤት ሒሳብ ይቆይ» የሚል ሙግት ይነሣ ይሆናል። ሙግቱ ክብደት አለው፤ ፋሺስት ለእመቤትም ለገረድም አልራራም። ሂሩትም ሒሳቧ ሳይከፈላት ለአገሯ ተዋግታለች። ነገር ግን የቆየው ሒሳብ የተሰረዘ ሒሳብ እንዳይሆን ዋሱ ማን ነው? ባለዕዳዋ ራሷ ካልሆነች በቀር ማንም ሊሆን አይችልም።

እንግዲህ መከራ ሁለት ሴቶችን ጎን ለጎን ሊያቆማቸው ይችላል፤ እኅት ሊያደርጋቸው ግን አይችልም። እኅትነት የሚጀምረው ጅራፍ የጨበጠችው በገዛ እጇ ስትጥለው፣ የተገረፈችውንም «ዕዳሽ አለብኝ» ስትላት ነው። ይህን ቃል የማታውቅ ነፃነት ለአንዷ ድል፣ ለሌላዋ የጌታ ለውጥ ሆና ትቀራለች።