ስለ ጎረቤትና ስለ ተፈታ ውሻ የተነገረ ምክር

በኦሪት ዘጸአት በ21ኛው ምዕራፍ ከቁጥር 28 ጀምሮ ስለ ተዋጊ በሬ የተሰጠውን ሕግ ታውቁታላችሁ። በሬ ሰውን ቢገድል በሬው ይሞታል፥ ጌታው ግን አይጠየቅም። ነገር ግን የበሬው ጠባይ አስቀድሞ ለጌታው ተነግሮት፥ እርሱም ሳይጠብቀው ቀርቶ እንደ ሆነ፥ ያን ጊዜ ጥፋቱ የበሬው ብቻ አይደለም፤ ከጌታው ራስ ላይ ይወርዳል። በሬው ያው በሬ ነው፥ ቀንዱም ያው ቀንድ ነው፤ የተለወጠው ባለቤቱ መስማቱ ነው።

ብዙ ሰዎች ይህን ሲያነቡ «ይህ የአራሾች ሕግ ነው፥ እኛ የከተማ ሰዎች በሬ የለንም» ብለው ያልፉታል። በመቀሌ ከተማ ግን በሬ የሌለው ሰው ውሻ አለው። ከሐውልቲ እስከ ዓዲ ሓቂ፥ ከአይደር እስከ ኲሓ ድረስ፥ ፀሐይ ስትጠልቅ የግቢው በር ገርበብ ይልና ውሻው ወደ መንገድ ይወጣል። ጌታው ገብቶ ይተኛል። ከዚያ በኋላ መንገዱ የውሻው ነው።

የውሻውን ባለቤት ፈጥነን ክፉ ሰው አናድርገው። ምክንያት አለው። ሌባ አለ፤ ጅብም አለ። የጅቡ ነገር ተረት አይደለም፤ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የትግራይ ጅብ በሰው መንደር አጠገብ ከሚጣል ሥጋና ከቤት እንስሳ እንደሚኖር፥ በዐቢይ ጾምም የሚጣለው ሥጋ ሲያንስበት አህያ መግደልን እንደሚያበዛ መርምረው ጽፈዋል። በግና ፍየል ያለው ሰው ውሻ ቢይዝ የሚነቅፈው የለም። ነገር ግን ከቅጥር ውጭ የተለቀቀ ውሻ የማንን ቤት ይጠብቃል? በበሩ ፊት የሚያልፈውን ጎረቤት ይከለክላል እንጂ በጓሮ የሚገባውን ሌባ አያየውም። ባልንጀራህ ወደ ቤቱ የሚገባበትን መንገድ ከዘጋህበት፥ ቤትህን መጠበቅህ ቀርቶ የእርሱን ቤት መክበብህ ነው።

የሚነከሱትስ እነማን ናቸው? በመኪና ገብተው በመኪና የሚወጡት አይደሉም። ለቅዳሴ በሌሊት የሚነሡ አሮጊቶች ናቸው፤ ለፈጅር ሶላት የሚሄዱ እስላም ጎረቤቶቻችን ናቸው፥ እነርሱም የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን ቢነካ ሳይታጠቡ መስገድ አይሆንላቸውም፤ ደብተሩን በብብቱ ይዞ የሚሮጥ ተማሪ ነው፤ እንጀራና ዳቦ ለመሸጥ ማልዳ የምትወጣ ሴት ናት፤ ዱላ ብቻ የያዘ ዘበኛ ነው። የእኛም ወገኖች ለማለዳ ጸሎት ሲመጡ ድንጋይ በእጃቸው ጨብጠው ይመጣሉ። ድንጋዩን ከጸሎት ቤቱ ደጃፍ አስቀምጠው ይገባሉ፥ ሲወጡ መልሰው ያነሡታል። ይህን ያየ እንግዳ ስለ ጎረቤት ፍቅራችን ምን ይል ይሆን?

በሉቃስ ወንጌል በ16ኛው ምዕራፍ በባለጠጋው ደጅ ስለ ተኛው ስለ አልዓዛር ስናነብ፥ ሰባክያን ብዙ ጊዜ ውሾቹ ከባለጠጋው ይልቅ ርኅሩኆች ነበሩ ይላሉ። መልካም ትርጓሜ ነው፤ እኔ ግን ሌላም ነገር አይበታለሁ። ውሾች የደረሱት ከቅጥሩ ውጭ ወዳለው ሰው ነው። ግንብ ያለው ባለጠጋ የመንገድ ውሻ አልነካውም። ግንብ የሌለው ድሃ ግን ውሻው መልካም ቢሆን ይልሰዋል፥ ክፉም ቢሆን ይነክሰዋል፤ መከላከያ የለውም። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓመተ ምሕረት የተጀመረው ጦርነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓመተ ምሕረት በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ከቆመ በኋላም፥ ከቤታቸው የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ሰዎች በመቀሌ በትምህርት ቤቶችና በሸራ ድንኳን ውስጥ ሲኖሩ አይተናል። ሸራ በር የለውም። ማታ ውሻህን ስትለቅ ወደ ማን እንደምትለቀው አስብ።

አሁን ደግሞ ከንክሻው የሚከፋውን እናገራለሁ፤ እርሱም የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በአገራችን በ1895 ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ግድም በአዲስ አበባና በብዙ አውራጃ ይህ በሽታ በርትቶ እንደ ነበረ ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል፤ ዛሬም አልለቀቀንም። የዓለም ሊቃውንት በገመቱት መሠረት በየዓመቱ በምድር ላይ ወደ 59,000 የሚደርሱ ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ፤ ከመቶው 99 ያህሉ በሽታውን የሚቀበሉት ከውሻ ነው። ከሚነከሱትም ከመቶው ወደ 40 የሚጠጉት ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ የሚባለው እጅግ ረቂቅ ነገር በውሻው ምራቅ ይኖራል፥ በቁስሉ ገብቶም በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይወጣል። መንገዱ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ወር ይፈጃል፤ አንዳንድ ጊዜ አንድ ሳምንት ብቻ፥ አንዳንድ ጊዜ ዓመት። በዚህ ጊዜ ሁሉ ሰውየው ጤነኛ ይመስላል፥ ቁስሉም ይደርቃል፥ ነገሩም ይረሳል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን፥ ውኃ መጠጣት ካስፈራው በኋላ፥ ሐኪም ሊያድነው አይችልም፤ የዳኑት በዓለም ሁሉ በጣት የሚቈጠሩ ናቸው።

እግዚአብሔር ይመስገን፥ በመካከል ያለው ጊዜ የምሕረት ጊዜ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ1885 ዓመተ እግዚእ፥ በእኛ አቈጣጠር በ1877 ዓመተ ምሕረት፥ በእብድ ውሻ የተነከሰ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከትቦ ካዳነ ወዲህ ይህ ሞት ሊከለከል የሚችል ሞት ሆኗል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ያን ጊዜውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ ይህን የሚያህል ጊዜ ማጠብ ረጅም ነው፥ ነገር ግን አያሳጥረው። ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ሽማግሌዎች ቀድሞ ከበግ አንጎል ተሠርቶ በየቀኑ በሆድ ላይ ይወጋ የነበረውን መድኃኒት አስበው ልጆቻቸውን እንዳያስቀሩ፤ ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ክትባት በክንድ የሚሰጥና ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚወጋ ነው። ወደ ጠበልም ወደ ሥር ማሽም የሚሄዱ አሉ። መጸለይን ማን ይከለክላል? ነገር ግን የሚጸልይ ሰው ወደ ሐኪም ቤት እየሄደ ይጸልይ። በጦርነቱ ጊዜ በመቀሌ ሐኪም ቤቶች መድኃኒት አልቆ ሐኪሞች እጃቸውን አጣጥፈው የቆሙበትን ቀን ያየን ሰዎች፥ ክትባት በተገኘበት ቀን በቸልታ መቅረትን እንደ ቀላል ነገር ልናየው አንችልም።

ውሻውም ይከተባል። በአንድ አገር ካሉት ውሾች ከመቶው 70 ቢከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል ይላሉ ሊቃውንት። እንግዲህ ውሻውን አስከትቦ በግቢው የሚይዝ ሰው ለራሱ ቤት ብቻ አልሠራም፤ ስሙን ለማያውቀው ልጅ ሠርቷል።

የምድራዊው ሕግ ደግሞ ከኦሪቱ ይልቅ የጠበቀ ነው። በ1952 ዓመተ ምሕረት የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2071ኛው አንቀጽ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ እንስሳው ሳያስበው ቢያመልጠውም፥ የደረሰው ጉዳት አስቀድሞ የማይገመት ቢሆንም እንኳ። «አላወቅሁም» የሚለው መልስ በዚያ አይሠራም። በኦሪት ግን ይሠራል፥ እስኪነገረው ድረስ። ይህም ወደ ሁለተኛው ሰው፥ ወደ ጎረቤቱ ያደርሰናል፤ የዛሬው ነገሬ ክብደቱ በእርሱ ላይ ነውና።

በአንድ ሰፈር አንድ ግንብ የሚለያቸው ሁለት ቤተ ሰቦች ነበሩ፥ በአንድ ጉባኤም ይጸልዩ ነበር። የአንደኛው ውሻ የሁለተኛውን ልጅ ሁለት ጊዜ አባረረው፥ በሦስተኛው ሱሪውን ቀደደ። የልጁ አባት ለባለቤቱ አንድ ቃል አልተናገረም። እሑድ እሑድ እጅ ይነሣዋል፥ ከቤቱ ሲገባ ግን ለሚስቱ ስለ እርሱ የሚናገረው ነገር አያልቅም ነበር። ዓመት ያህል እንዲህ ቆየ። በመጨረሻ አንድ ቀን ማታ መርዝ የተቀባ ሥጋ በመንገድ ተጥሎ ውሻው ሞተ፤ ከዚያው ሥጋ የለቀሙ የሌላ ሰው ዶሮዎችም ሞቱ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው የልጁን አባት «ለጎረቤትህ ነግረኸው ነበርን?» ብለው ጠየቁት። «ምን እነግረዋለሁ፥ ዐይን የለውምን?» አለ። ባለቤቱንም ጠየቁት፤ «ማንም አልነገረኝም፥ ሁልጊዜ ሰላም ይለኝ ነበር» አለ። ሁለቱም እውነት ተናገሩ። ሽማግሌዎቹ አንደኛውን ለልጁ ልብስ፥ ሁለተኛውን ለዶሮዎቹና ለውሻው አስከፈሉ። ገንዘቡ ተከፈለ። የጌታን እራት ግን በአንድ ማዕድ እስኪቀበሉ ድረስ ሁለት ፋሲካ አለፈ።

ያ ሰላምታ ምን ነበር? በኦሪት ዘሌዋውያን በ19ኛው ምዕራፍ በ17ኛው ቁጥር ባልንጀራን መገሠጽና ባልንጀራን በልብ መጥላት በአንድ ስፍራ ተያይዘው ተጽፈዋል። ሙሴ እንዳስተማረው፥ የማይናገረው ሰው ታጋሽ አይደለም፤ የሚጠላ ነው። እኛ የሐበሻ ልጆች ዝምታን ጨዋነት ማድረግ እንወዳለን፥ «ይሉኝታ» የሚል መልካም ስምም አውጥተንለታል። ነገር ግን ሳትነግረው የቀረህ ጎረቤት አሁንም የበሬው ነገር እንዳልተነገረው ሰው ነው፤ እርሱን ባለማወቁ ያቈየኸው አንተ ነህ። ልጁ የተነከሰ ዕለት ከእርሱ ጋር ትጠየቃለህ።

እንዴት ይነገረው? በማቴዎስ ወንጌል በ18ኛው ምዕራፍ ጌታችን ሥርዓቱን ሠርቶልናል፤ መጀመሪያ ለብቻ ነው። በዕድር ላይ በሰው ፊት አይሁን፥ በልጅም አይላክበት፥ በግንብ ላይ ሆኖ አይጮኽም። በመንገድ ያሉትን ውሾች ድንጋይ እየወረወርህ ወደ በሩ አትቅረብ። በቀን፥ ባረፈበት ሰዓት ሂድ፤ ሽማግሌ ከሆኑ «አቦይ»፥ አሮጊትም ከሆኑ «አደይ» ብለህ እንደ አገራችን ሥርዓት እጅ ነሥተህ ተቀመጥ፥ ቡና ቢያፈሉልህ እስከ ሦስተኛው ጠጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር ብቻ ተናገር፦ «አቦይ፥ ውሻዎ ሐሙስ ማለዳ ልጄን በበርዎ ፊት ጣለው፤ አልነከሰውም፥ ግን ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ለመሄድ ያለቅሳል።» ቀኑንና ስፍራውን ንገራቸው፥ ያልሆነውን አትጨምር። «ውሻዎ ክፉ ነው» ብትል ስለ ውሻው ጠባይ ይከራከሩሃል፤ ስለ ሐሙስ ማለዳ ግን ማን ይከራከራል? ልጁ ተነክሶ እንደ ሆነ ግን የቡናውን ሥርዓት አትጠብቅ፤ ቁስሉ ታጥቦ ሐኪም እስኪያየው ድረስ ማንንም አትክሰስ፤ ከዚያ በኋላ ውሻው ተከትቦ እንደ ሆነ ጠይቅ፥ አሥር ቀንም ታስሮ እንዲታይ ለምን። ውሻው በእነዚህ አሥር ቀን ቢታመም ወይም ቢሞት ለሐኪሙ ይነገር። ስለዚህ በቁጣ የገደለው ሰው ምስክሩን አጠፋ።

ባይሰማህ ሁለት ሦስት ሰው ይዘህ ተመለስ። ከዚያም ወደ ክፍለ ከተማው ብትሄድ ኃጢአት አይደለም፤ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ የሚደረግ ክስ ከበቀል የተለየ ነው። መርዝ ግን የክርስቲያን ሥራ አይደለም። በመንገድ የተጣለ መርዝ የሚያነሣውን አይመርጥም፤ የተከተበውንም ውሻ ይገድላል፥ እርሱም በሽታውን ይከለክል የነበረ ነው። በእርሱም ስፍራ ያልተከተበ ሌላ ውሻ ከዳር ይመጣል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባል የለም?

ውሻውም ፍጥረት ነውና በደል አይገባውም። በመጽሐፈ ምሳሌ በ12ኛው ምዕራፍ ጻድቅ ሰው የእንስሳውን ነፍስ እንደሚያስብ ተጽፏል። ቀኑን ሁሉ በአጭር ሰንሰለት ያለ ውኃና ያለ ጥላ ታስሮ የሚውል ውሻ ማታ ሲፈታ ሰው ቢነክስ ምን ያስደንቃል? የጥንቲቱ ቤተ ክርስቲያን ወንድሞቻችን በሚያነቡት በመጽሐፈ ጦቢት የጦብያ ውሻ ሩቅ መንገድ ሄዶ እንደ ተመለሰ ተጽፏል፤ ልብ በሉ፥ ብቻውን አልሄደም፥ ከጌታው ጋር ነበር። ውሻ በግቢ ውስጥ ሌሊት ይፈታ፥ ወደ መንገድ ሲወጣ በገመድና ከሰው ጋር ይውጣ፥ በዓመት አንድ ጊዜ ይከተብ።

አንዳንድ ጊዜ ጎረቤት ሂደህ ስትነግረው «እውነትህን ነው፥ ግን በሩ ተሰብሯል፥ የማሠራበት የለኝም» ይልሃል። በተለይ ከጦርነቱ ወዲህ ይህ ሰበብ አይደለም፤ ቤቱን ተመልከት። እንዲህ ከሆነ የሄድህበት ጉዳይ ተለወጠ ማለት ነው። ድንጋይ በመቀሌ አይታጣም፥ አንድ ቆርቆሮና ሁለት ማጠፊያም ከሰፈሩ ይዋጣል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰው ቢመጣ በሩ እስከ ማታ ይቆማል።