ያልጠፋው እንዴት ተገኘ?

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በተዘረጋው የበጌምድር ደጋ፣ ላሊበላና ናጫቢየት በሚባሉ ሁለት ዋሻዎች ውስጥ፣ ጆአን ዶምብሮቭስኪ የተባሉ የጥንታዊ ቅርስ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ቁፋሮ አካሂደው ነበር። (ዋሻው ከላስታው ላሊበላ ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነው።) ከአፈሩ ወርቅ አልወጣም፤ የንጉሥ ስም የተቀረጸበት ድንጋይም አልወጣም። የወጣው የገብስና የሽምብራ ቅንጣት፣ የከብት አጥንትና የሸክላ ስብርባሪ ነው። ዕድሜው ሲመረመርም ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 500 ዓመት ገደማ የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ለዓይን የማይሞላ ግኝት ነው። ይሁንና ዛሬም የጋይንት ወይም የእስቴ ገበሬ ገብሱን በደጋው ይዘራል፤ ሽምብራውን ደግሞ ክረምቱ ሲያባራ፣ ዋልካው እርጥበቱን ሳይጨርስ ይበትናል። በዋሻው ውስጥ እፍኝ እህል ያስቀመጠው ሰው ቢነሣና ወደ ስማዳ አንድ ጓዳ ቢገባ፣ ሰዎቹን ባያውቃቸው እንኳ በጎታው ውስጥ ያለውን ያውቀዋል። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያህል ስንት ሥርወ መንግሥት ተነሥቶ ወደቀ፤ ሽምብራው ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እዚህ ደረሰ።

ዜና መዋዕል ጸሐፊው ስለዚህ ነገር አልጻፈም። የእርሱ ሥራ ንጉሡ የት እንደ ሰፈረ፣ ማንን እንደ ወጋ፣ ለየትኛው ደብር ጉልት እንደ ሰጠ መመዝገብ ነበር። ሠራዊቱ የበላውን እህል ያመረተው ሰው በመጽሐፉ ቢጠቀስ እንኳ «ባላገር» በሚለው የወል ስም ተጠቅልሎ ያልፋል። አፈር እንዲህ ያለ አድልዎ አያውቅም፤ የጌታውንም የሎሌውንም ቁራሽ እኩል ይቀብራል። ታዲያ ሰው ለታሪክ የሚተርፈው በምኑ ነው? በስሙ ነው ወይስ በእጁ ሥራ?

ለዚህ ጥያቄ የቁፋሮ ጥናት የሚሰጠው መልስ ኅብረተሰቡን ሊያሳፍረው የሚገባ ነው። እንጨት ይበሰብሳል፣ ቆዳ ይነቅዛል፣ ሸማ ትቢያ ይሆናል። በእሳት የተተኮሰ ሸክላና የብረት አር ግን ይቆያሉ። ጥናቱ ዘመንን የሚለየው፣ የሰዎችን አኗኗር የሚያነበው በአብዛኛው በእነዚህ ነው። እነዚህን የሠራው ማን ነው? ጠይብ፣ ቀጥቃጭ፣ «ቡዳ» እየተባለ ከማኅበር የተገለለው፣ ድስቱ ተፈልጎ እርሱ የተፈራው ሰው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ ማስነገራቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበር ያስረዳል። ለዘመናት አዋርዶ የያዘው ሰው ዛሬ ለኅብረተሰቡ ጥንታዊነት ዋነኛ ምስክር ሆኖ መቆሙ፣ ተውኔት ጸሐፊ ቢፈጥረው «አበዛው» የሚያሰኝ ፍርድ ነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፋቸውን ሲያሠሩ ከአውሮፓውያኑ የእጅ ባለሙያዎች ጋር ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ነበሩ። ሴባስቶፖል የተባለው፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው መድፍ እ.ኤ.አ. በ1867 ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ በጋይንት በኩል ጨጨሆን አልፎ፣ መንገድ እየተጠረገለት መቅደላ የደረሰው በሰው ጉልበት ነው። ዋልድማየርና ሳልሙለር በስም ይታወቃሉ። አብረዋቸው ወናፍ ከነፉት፣ ብረት ካቀለጡትና ገመድ ከጎተቱት የብዙዎቹ ስም አልተመዘገበም።

አሁን ደግሞ ከመሬት በታች ወዳልሆነ ግኝት እንምጣ። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከንሃም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በሀገራችን ተጉዞ፣ በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ በጋይንት ስላያት ቤተ ልሔም ጽፏል። ከውጭ ሲታይ እንደ ማናቸውም የገጠር ደብር ክብና ሣር ክዳን ነው። ወደ ውስጥ ሲዘለቅ ግን በክቡ ዙሪያ ተሸፍኖ፣ በተጠረበ ድንጋይ የታነጸ፣ አራት ማዕዘን፣ የአክሱምን የአሠራር ፈለግ የያዘ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። የውጭው ዓለም ይህን «ግኝት» አለው።

ለመሆኑ ማን ያጣውን ነው ያገኘው? ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። ከቆማ፣ ከአጫብርና ከተጉለት ጋር የምትጠራ ዜማ በስሟ አላት። ደበሎ የለበሰ፣ አኩፋዳውን ያነገተ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የኖረ ተማሪ ከሩቅ አገር እየመጣ በዚያች ደብር ቀለም ቆጥሯል። መሪጌታው ቤተ መቅደሱ እንዳለ አልነገሩትም፤ መናገር አላስፈለጋቸውም። ሰው በየማለዳው የሚሳለመውን ነገር «አገኘሁ» አይልም።

ነገሩን በዚህ ብቻ መዝጋት ግን ለእንግዳው ሰው ፍትሕ መንፈግ ይሆናል። ሕንጻው ለምን አራት ማዕዘን ሆነ፣ ከየትኛው ዘመን አሠራር ጋር ይዛመዳል፣ ለምንስ በክብ ተሸፈነ የሚል ጥያቄ የሚመጣው ሌላ ሕንጻ ካየና ከሚያነጻጽር ዓይን ነው። አብሮ መኖር አንድ ዕውቀት ነው፤ ማነጻጸርም ሌላ። ስሕተቱ ሁለተኛው የመጀመሪያውን እንደ ድንቁርና ሲቆጥረው ይጀምራል። ይህ ንቀት ወዴት እንደሚያደርስም ታይቷል፤ በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር መቅደላ የወጣው የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆልምስ የተሰጠው ማዕረግ የጥንታዊ ቅርስ ባለሙያ የሚል ነበር። እርሱ ግን አካፋም አላነሣም። ከዘረፋው መካከል መርጦ ገዛ፤ የመቅደላ መጻሕፍት ዛሬም ለንደን ናቸው።

ከውጭው ሰው ንቀት የማይተናነስ የቤት ውስጥ ፈተናም አለ። በዚህ አገር ርስት በቆጠራ ይገኝ በነበረበት ዘመን፣ ባላገሩ ዘሩን እስከ አቅኚው አባት እየቆጠረ ዳኛ ፊት ይሟገት ነበር። የርስት ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቀረ፤ የሙግቱ ልማድ ግን አልቀረም። አንድ ሐውልት በተገኘ ቁጥር፣ አንድ መቃብር በተከፈተ ቁጥር «አቅኚው አባት የእኛ ነው» የሚል ተሟጋች ይነሣል። የዋሻው ሽምብራ በምን ቋንቋ ተጠርታ እንደ ነበር ሽምብራዋ አትናገርም። የዘሯት ሰዎች ለማን ይጸልዩ እንደ ነበርም አትናገርም። ዘርታ፣ አጭዳ፣ ወቅታ፣ ለከርሞ ያስቀመጠች እጅ መኖሯን ግን ትናገራለች፤ ከዚህ አልፎ እንድትመሰክር ማስገደድ ምስክርን በሐሰት ማስማል ነው።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ትእዛዙ የሚመለከተው ግን ሙዚየም ሄዶ የማያውቀውን፣ የሐምሌ ዝናብ ሳያልፈው ማሳውን ለመገልበጥ የሚጣደፈውን ገበሬ ነው። ማረሻው ጉጥ ያለበት የገል ጆሮ ሲያወጣለት፣ በሬዎቹን ያቆማል ወይስ አያቆምም? ቢያቆምስ፣ ያገኘውን ይዞ የሚሄድበት ደጃፍ «ይህ ሸክላ የማን ሥራ ይመስልሃል?» ብሎ እርሱንም የሚጠይቅ፣ መልሱንም ከነስሙ የሚጽፍ ነው ወይስ ዕቃውን ተቀብሎ ሰውየውን የሚያሰናብት?