መጀመሪያ ጭነቱን አራግፉ



በ2009 ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ሲከፈት ሕዝቡ አጥብቆ ተቃወመ፤ ቄራውም በሳምንታት ውስጥ ተዘጋ። በየካቲት 2016 ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው፣ ለቆዳው ሲባል አህያ እንዳይታረድ በመላው አህጉር አገዱ። አልሐምዱሊላህ!

ግን ያ የተሟገትንለት ቆዳ በጭነትና በገመድ ተልጦ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ ገበያ ሲቆም ማን ይሟገትለት? ዋጋ እስኪቆረጥ ድረስ አህያው ከነጭነቱ ይገተራል። ባለቤቱ ሻይ ይጠጣል፤ አንዳንዱም አህያውን እንደተጫነ አቁሞ ለጁሙዓ መስጂድ ይገባል።

አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) የሰሓቦችን ልማድ ነግረውናል። በጉዞ ላይ አንድ ቦታ ሲያርፉ፣ የእንስሶቻቸውን ጭነት ሳያራግፉ ሱና ሶላት አይጀምሩም ነበር። አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ሱብሓነላህ! ከእነሱ በላይ ለሶላት የሚጓጓ ማን ነበር? ግን የተጫነ እንስሳ ሐቅ እንዳለው ያውቁ ነበር።

ስለዚህ የቆሰለ ጀርባ ላይ አንጫን። ከጭነቱ ሥር ለስላሳ መደላድል ይኑር። እንደደረስን እናራግፍ፤ ውሃ እናጠጣ። ነጋዴ የሆንን ደግሞ ከገበሬው ጋር በዋጋ ስንከራከር አህያውንም እያቆምነው ነው። «መጀመሪያ አራግፈውና እንነጋገር» ማለት ምን ይከብዳል?

እሱ አፍ የለውም። ሐቁን የሚጠይቅለት ግን ጌታ አለው።

አላህ ለፍጥረቱ ከሚያዝኑት ያድርገን። ጁሙዓ ሙባረክ!