ከስንዝር ወዲያ

ልጅቷ ሱቄ የመጣችው በ2014 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። በጥቅምት ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት በእኛ በኩል አልፎ ደሴ ሲገባ አገሩ ተበትኖ ነበር፤ ኅዳር ሲያልቅ ሰው መመለስ ጀመረ። እሷ ስትመለስ ቤቷ ባዶ ነው። የሠርጓ ዲቪዲም አልበሙም የለም። አባቷ በስደት ላይ ሳሉ ታመው አርፈዋል።

«ወንድሜ፣ የአባዬ መልክ ያለበት ነገር አታጣም አይደል?» አለችኝ።

ሠርጓን የቀረጽኩት እኔ ነኝ፤ በጥር 2012፣ ከውጫሌ ወጣ ብሎ ይስማ ንጉሥ አጠገብ። ስሸሽ ሃርድ ዲስኬን በልብስ ጠቅልዬ ይዤ ስለወጣሁ ገና ያልተቆራረጠው ቀረጻ ሁሉ በእጄ ነበር። «አብሽሪ፣ ይገኛል» አልኳት። ማታ ከፍቼ ሳየው አባቷ በየቦታው አሉ፤ አንዱም ላይ ግን መልካቸው አይለይም። ከልጃቸው ጀርባ ነጭ ጋቢ የለበሰ ጉም ናቸው።

ያንን ጉም የሠራሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሠራሁት ልናገር።

ሥራውን የጀመርኩት በትከሻ በሚያዝ የካሴት ካሜራ ነው። አንዱ ሚኒ ዲቪ ካሴት 60 ደቂቃ ይሄዳል። ዳሱ ጥግ ትቆማለህ፣ ትከፍታለህ፤ ሙሽሪትም፣ ሚዜውም፣ ወጥ የምታወጣዋም፣ ከበሮ መቺዋም፣ ደጅ የተኛው ውሻም እኩል ይገባሉ። የዚያ ካሜራ ሴንሰር ከጣት ጥፍር አይበልጥም፤ ሴንሰሩ ሲያንስ ደግሞ ቅርቡም ሩቁም አንድ ላይ ይጠራል። ምስሉ ውበት የለውም። የቀረ ሰው ግን የለም።

በ2008 እ.ኤ.አ. ቀድሞ ኒኮን ዲ90፣ ወዲያው ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ወጡና ፎቶ ማንሻው ቪዲዮ መቅረጽ ቻለ። እኔ ማርክ 2ን ያገለገለ የገዛሁት በ2006 ዓ.ም. ነው። ፎቶ ማንሻ ነውና ረጅም ነገር አይሆንለትም፤ 4 ጊጋ ባይት ሲሞላ፣ ማለት 12 ደቂቃ ገደማ ላይ፣ ቀጥ ይላል። ኋላ የመጡት ብዙዎቹም 30 ደቂቃ ሳይደፍኑ ይቆሙ ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚቀርጸውን አውሮፓ «ቪዲዮ ካሜራ» ብሎ ተጨማሪ ቀረጥ ይጥልበት ስለነበር ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ከፍተህ መቆም የለም፤ እየመረጥክ ትከፍታለህ፣ እየመረጥክ ትዘጋለህ።

ከሰዓቱ ይልቅ ግን የባሰው የርቀቱ ምርጫ ነው። የማርክ 2 ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገጥመህ፣ ቀዳዳውን 1.8 ላይ ከፍተህ ሙሽሪትን ከሁለት ሜትር ብትይዛት፣ ጥርት ብሎ የሚታየው 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አንድ ስንዝር አይሞላም፤ ከአፍንጫዋ ጫፍ እስከ ጉትቻዋ ቢደርስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይቀልጣል። ደንበኛው «ልክ እንደ ፊልም!» ያለው ይህንን ነው። እኔም ወድጄዋለሁ፤ ዛሬም ሳየው ልቤ ይሰረቃል።

ግን ሠርግ የማን ነው? ኒካሕ ያለ ሁለት ምስክር አይታሰርም። ተክሊሉም የሚደፋው ካህናትና ምእመናን በተገኙበት ነው። ከአምባሰል ዳገት ሦስት ሰዓት በእግሩ የወረደ ሽማግሌ እንጀራ አጥቶ አልመጣም፤ ነገ አንድ ነገር ቢነሣ «ነበርኩ፣ አይቻለሁ» ለማለት ነው የመጣው። እኔ ምስክሩን አቅልጬ የምስክሩን ቀን አሳምሬ ስሸጥ ኖሬያለሁ።

ሰውን የማያቀልጥ ሥዕልም በአገሬ አለ፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከሱቄ ሩቅ አይደለም። ገዳሙን በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑት አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. የተጻፈ ወንጌል ለገዳሙ ሰጥተዋል፤ በውስጡ ካሉት ሥዕሎች አንዱ የራሳቸው ነው። መጽሐፉን በዓይኔ አላየሁትም፤ የሥዕሉን ፎቶ ግን ብዙ ጊዜ አይቸዋለሁ። ፊት ለፊት ቆመው ነው የሚያዩህ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጉ ሰው በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉው ጎኑን ሰጥቶ በአንድ ዓይን። ሠዓሊው ይፈርዳል ማለት ነው። ሆኖም የፈረደበትን እንኳ አያደበዝዘውም፤ በምሴተ ሐሙስ ማዕድ ዙሪያ ይሁዳም እንደ ጴጥሮስ ጥርት ብሎ ተቀምጧል። እኔ ያልበደለኝን ሰው ነው ያጠፋሁት።

እናቴ ከሙስሊም ቤት ናት፤ ወሎ ነውና ይህ አያስገርምም። ወንድሟ ሸይኽ ናቸው። ነገሩ ሲከብደኝ እሳቸው ዘንድ ሄድኩ። ሥዕል ሠሪ በቂያማ ቀን «የሠራኸውን ነፍስ ዝራበት» እንደሚባል ከልጅነቴ ሰምቻለሁና እሱን ያነሡብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አላነሡትም። የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ፎቶ ጥላን መያዝ እንጂ መፍጠር አይደለም ማለታቸውን ነግረውኝ፣ ቡናቸውን ፉት አሉና «አንተ ጥላ ያዝክ፣ ይሁን። የጣልከው የማንን ጥላ ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ግን ተከራከርኩ። «አጎቴ፣ አላህ ሰታር ነው፣ ነውር ይሸፍናል ትሉ የለም? እኔም ብዙ ነገር አስቀራለሁ» አልኳቸው። እውነቴን ነበር። አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራው ታላቅ ወንድም ጠጥቶ ሽማግሌዎቹ ፊት ወደቀ። ሌላ ቦታ በጥሎሹ ወርቅ ሁለት እናቶች ተነቋቆሩ። ሁለቱንም ቆርጬ ጥያለሁ። ማንም አልጠየቀኝም፣ ለማንም አልነገርኩም፤ ነገም እቆርጣለሁ።

ከእሳቸው ቤት ወጥቼ ሐይቁ ዳር ስሄድ ነው ልዩነቱ የገባኝ። የወደቀውን ልጅ አይቸዋለሁ። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያሳፍረው፣ እናቱ እንዴት እንደሚያዝኑ አውቄ ነው የሸፈንኩት። አባትየውን ግን አልሸፈንኳቸውም። ጨርሶ አላየኋቸውም። ሌንሱን 1.8 ላይ የከፈትኩት «እኒህ ሰውዬ ይቅሩ» ብዬ አስቤ አይደለም፤ ከሙሽሪት ጀርባ ሰው መኖሩ ትዝ ስላላለኝ ነው። ምሕረት የሚባለው ሰውን አይቶ ሲተዉለት መስሎኝ ነበር፤ ሳያዩ መተውን ምን እንደምለው እስካሁን ስም አላገኘሁለትም።

የሙያ ጓደኛዬ «የድሮውን የአራት ሰዓት የካሴት ቀረጻ ማን አይቶት ያውቃል?» ይለኛል። ልክ ነው፤ አብዛኛው ሳጥን ውስጥ ሻግቷል። ዓይናችን ራሱ ይመርጣል ይለኛል፤ ይህም ልክ ነው። ግን ዓይን የዘነጋውን ልብ ቆይቶ ይፈልገዋል፤ ያን ጊዜ የሚከፈተው የእኔ ፋይል ነው። ስለዚህ አሁን ምርቃት ሲጀመር፣ ከኋላ ያለውም እንዲጠራ ቀዳዳውን 8 ላይ እዘጋለሁ። ዳሱን ከጓዳው በር እስከ ዋናው በር፣ ረድፍ በረድፍ፣ ቀስ ብዬ አንድ ጊዜ እዞረዋለሁ። እንጀራ ከምታቀርበው ፊት እቆማለሁ። «ይኼ የድሮ ቪዲዮ መሰለብን» ብለው የተውኝ ደንበኞች አሉ። ቅር ቢለኝም አልተውኩትም።

ልጅቷን በሦስተኛው ቀን ጠራኋት። ሌሊቱን አንድ በአንድ ስከፍት የጣልኩት ክሊፕ አግኝቼ ነበር። በዚህ ካሜራ ፎከሱን የማዞረው በእጄ ነው፤ ሙሽሪት ስትነሣ እጄ ከዳኝና ጥራቱ ከእሷ አልፎ ጀርባዋ ላይ አረፈ። ዘጠኝ ሰከንድ። እሷ የቀለጠች ነጭ ቀሚስ ናት። ከኋላዋ አባቷ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሸርጠው፣ የእጅ ማስታጠቢያ ጆግ ይዘው፣ ወደ ሙስሊም እንግዶቹ ዳስ እያመለከቱ አንድ ጎረምሳ ያናግራሉ። የሽበታቸው ዘለላ ይቆጠራል። የካሜራው ማይክ ደካማ ነው፣ ማሲንቆውም ይጫነዋል፤ ድምፃቸው ግን ይሰማል።

«እነ ሼሁ በሉ?»

ቁጭ ብላ አየችው። ድምፁን እንድጨምርላት ጠየቀችኝ፣ ጨመርኩላት። ስልኳን አውጥታ «ይቺን ብቻ ጫንልኝ» አለችና፣ እየጫንኩላት እንደገና ከፈተችው።