ሰው ገና ሳይሠራ በምን ይመዘናል?

ዳኛ የሚፈርደው በተደረገ ነገር ላይ ነው፤ ምስክር ይሰማል፣ ማስረጃ ያያል። ሰውን ለሥራ የሚመርጥ ግን ገና ባልተደረገ ነገር ላይ ይፈርዳል። በዓይኑ ፊት የቆመው አካል ነው፤ የሚጠየቀው ግን ያ አካል ነገ ስለሚሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ ምርጫ ከዳኝነት ይልቅ ሳይከብድ አይቀርም።

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ይህ ፍርድ የዘወትር ሥራ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ ወደዚያ ሰፈር ለሥልጠና የመጡት እንግዳ ግን እንደ ልማዱ ምልምል አልነበሩም። ኔልሰን ማንዴላ የሕግ ጠበቃ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውም ወደ 44 ተጠግቶ ነበር። ቁመናቸው ያማረ፣ ቦክስም የለመዱ ስለ ነበሩ በአካላቸው የሚታሙ አይደሉም። መተኮስን፣ ፈንጂ መቅበርን፣ ጓዝ ተሸክሞ ረጅም መንገድ መጓዝን ተማሩ። ኮልፌ ሊያይና ሊመዝን የቻለው ይህን ነው። የሚጠብቃቸውን ሥራ ግን ያሠለጠኗቸው ሰዎች አያውቁትም፤ እርሳቸውም አያውቁትም ነበር።

ይህን የምርጫ ፍርድ በቁጥር እጅግ ያራቀቀው አገር አሜሪካ ነው። እዚያ እግር ኳስ ተብሎ በአብዛኛው በእጅ የሚጫወቱት ጨዋታ አለ፤ የሊጉ ቡድኖችም ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ወጣቶች በየዓመቱ ተራ በተራ ይመርጣሉ። ከምርጫው በፊት ዕጩዎቹ ወደ ኢንዲያናፖሊስ ተጠርተው ክብደታቸው ይመዘናል፤ የክንዳቸው ርዝመት ይለካል፤ 36 ሜትር ተኩል ያህል በሰዓት ይሮጣሉ፤ በጀርባቸው ተንጋለው 102 ኪሎ ግራም ብረት ስንት ጊዜ እንደሚያነሡ ይቈጠራል። በሬ ገበያ የዋለ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ከዕጩዎቹ ሁሉ ለሚዛን የሚያስቸግሩት በፊት መስመር የሚሰለፉት አምስቱ ናቸው። እነርሱ ኳሱን አይወረውሩም፤ ይዘውም አይሮጡም። ሥራቸው ከኋላቸው የቆመውን ወርዋሪ ከሚመጣበት ጠላት መከለል ነው። ክብራቸውም አንድ ነገር ባለመሆኑ ነው፤ ወርዋሪው ካልተመታ ማንም አያያቸውም፣ ከተመታ ግን ሕዝቡ ሁሉ ዘወር ብሎ ያያቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1985 የዋሽንግተኑ ወርዋሪ ጆ ታይስማን ተይዞ ሲወድቅ እግሩ ተሰበረ፤ ዳግመኛም አልተጫወተም። እንግዲህ መራጩ የሚያስይዘው የቡድኑን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሌላውን ሰው አጥንት ነው። «ልብ ካለ አካል ምን ይረባል» የሚል ሰው ይህን ያስብ፤ መቶ አርባ ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲመጣ ደካማውን በፊቱ ማቆም ቸርነት አይደለም። ሚዛን ያስፈልጋል።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1989 ቶኒ ማንዳሪች የሚባል የፊት መስመር ተሰላፊ ከሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ መጣ። ግዙፍ ነበረ፤ ሩጫው በዚያ ክብደት ላለ ሰው የማይታመን ነበረ፤ ስፖርትስ ኢለስትሬትድ የተባለው መጽሔትም ሥዕሉን በሽፋኑ አወጣ። የግሪን ቤይ ቡድን ከሁሉ ሁለተኛ አድርጎ መረጠው። ከእርሱ በፊት አንድ፣ ከእርሱ በኋላ ሦስት ሰዎች ተመርጠው አራቱም ዛሬ በጨዋታው ዝነኞች አዳራሽ ስማቸው ሲገኝ፣ እርሱ ግን ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ተሰናበተ። እ.ኤ.አ. በ2008 በተማሪነቱ ጡንቻ የሚያፋፋ የተከለከለ መድኃኒት ይወስድ እንደ ነበረ ራሱ ተናገረ።

በደሉ የእርሱ ነው፤ ይህን አይክድም። ይሁን እንጂ የመራጮቹን ድርሻ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አስቀድሞ የታወቀ ሚዛን ተመዛኙን ያስተምረዋልና፤ የሚፈለገው ክብደት ከሆነ ክብደት ይዞ ይመጣል፣ ከየት እንዳመጣው የሚጠይቅ እስከሌለ ድረስ። በቅኔ ቤትም ይህ አለ፤ ቤቱ የመታ፣ ልኩ የተስተካከለ ቅኔ አቅርቦ ወርቅ የሌለው ሰም ብቻ ይዞ የሚቆም ተማሪ አይጠፋም። ነቢዩ ሳሙኤል እንኳ በእሴይ ቤት የኤልያብን ቁመት አይቶ ተቻኵሎ ነበር። ማንዳሪች ኋላ ከሱስ ታክሞ በኢንዲያናፖሊስ ቡድን ከ1996 እስከ 1998 ያለ ዝና ተጫወተ፤ ሥራውንም ደኅና አድርጎ ሠራ። ይህን ሽፋኑ ላይ ያወጣ መጽሔት ግን የለም።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2011 ጄሰን ኬልሲ የተመረጠው 191ኛ ሆኖ ነው። ለቦታው ትንሽ ነው ተባለ፤ 127 ኪሎ ያህል ነበረ። በፊላዴልፊያ 13 ዓመት በመስመሩ መካከል ቆመ፤ የአገሩንም ዋንጫ አነሣ። ብልህ መርማሪ እንዲህ ያለውን ሰው የሚያገኘው በሜትርና በሚዛን አይደለም፤ የተጫወተውን ሁሉ በሥዕል ደጋግሞ በማየት ነው። ኳሱ ወደ ሌላ ወገን ሲሄድ፣ ማንም ወደ እርሱ በማይመለከትበት ጊዜ፣ ይሠራልን? አንድ ጊዜ ከተሸነፈ በኋላ በሚቀጥለው እግሩን እንዴት ይተክላል? የወደቀውን ጓደኛውን ያነሣልን? ይህ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ብረት መቍጠር ግን ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። ሰው ቁጥርን የሚወድደው እውነት ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ቢሳሳት የሚያመካኝበት ስለሚያገኝ ጭምር ነው።

ለስድስት ወር ታስቦ የነበረው የኮልፌው ሥልጠና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተቋረጠ፤ ማንዴላ ቶሎ እንዲመለሱ ከአገራቸው ተጠርተው ነበርና። ሲሄዱ ኮሎኔል ታደሰ ሽጉጥና 200 ጥይት እንደ ሰጧቸው ራሳቸው ጽፈዋል። ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. በመንገድ ላይ ተያዙ፤ በእስርም ከ27 ዓመት በላይ ቆዩ። በኮልፌ ከታየው ሁሉ በዚያ ያገለገላቸው ተኩሱ አልነበረም፤ ምናልባት ጓዙን ተሸክሞ ሳያቋርጡ መራመዱ ይሆናል። ሽጉጡ በሪቮንያ በአንድ እርሻ ውስጥ ተቀበረ ይባላል፤ ቢፈለግም አልተገኘም።