ቤት የእግዚአብሔር ነው

መንገደኛ መሽቶበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ ሲጣራ፣ ባለቤቱ ከውስጥ ሆኖ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ብሎ መመለሱ በአገራችን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልማድ ነው። ይህች አጭር ምልልስ ለጆሯችን እጅግ የተለመደች ስለ ሆነች ልብ ብለን አንመረምራትም እንጂ፣ በውስጧ ከባድ ነገር ተቋጥሮባታል። ባለቤቱ ጎጆውን የቀለሰው በገዛ ጉልበቱ ነው፤ ግብሩንም የሚከፍለው እሱ ነው። ታዲያ ስለ ምን «ቤቴ ነው» አላለም? እንግዳውስ የራሱን ስምና አገሩን ከመናገሩ በፊት ስለ ምን የእግዚአብሔርን ስም አስቀደመ?

ክርስቲያን የሆነ ሰው ፈጣሪው በቤተ መቅደስ ብቻ ሳይወሰን በመኖሪያ ቤቱ፣ በማዕዱና በመኝታው አጠገብ እንዲያድር ይመኛል። ለዚህም ሲል ከግድግዳው ላይ ሥዕል ይሰቅላል፣ ጧት ሲነሣ ያማትባል፣ እህል ሲቀርብ ይባርካል፤ ሌላውም በበኩሉ ቤተሰቡን ሰብስቦ መጽሐፍ ያነባል፣ ይዘምራል። በዚህ ምኞት ላይ ክርክር የለኝም። የምጠይቀው ምኞቱ መፈጸሙ በምን ይታወቃል ብዬ ነው። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ከቡናው አገር ከደቡብ ምዕራቡ፣ ማለትም ከሚዛን ተፈሪ፣ ከቴፒና ከካፋ የተሻለ መመርመሪያ አላገኘሁም።

በዚያ አገር ቡና ከቤት ጸሎት ተለይቶ አይታይም። ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ ረከቦቱ ይቀርባል፤ ዕጣን የሚያጨሰውም ቤት ዕጣን የማያጨሰውም ቤት ጎረቤቱን ይጠራል። ጧት ጧት ደግሞ ከቡና ቅጠልና ከቅመማ ቅመም የሚፈላው ጨሞ በየጎጆው ሰው ያሰባስባል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስተኛው ሲኒ ሲደርስ ሽማግሌው እጁን ዘርግቶ ቤቱን ይመርቃል፤ «እግዚአብሔር ከዚህ ቤት አይለይ» ሲባል ሁሉም «አሜን» ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ማስታወስ ያስፈልጋል። ይኸው ዛሬ ምርቃት የሚወርድበት ሲኒ ራሱ ከክርስቲያን ቤት ደጅ ለብዙ ዘመን ተከልክሎ ቆይቷል። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ በብዙ ቦታ፣ ቡና መጠጣት የእስላምና የአረማዊ ልማድ ነው ተብሎ በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ይነቀፍ ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነገሩ እየላላ መጣ፤ ካፋም በ1890 ዓ.ም. ግድም በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ሲገባ የቡናው አገርና የጠጪው አገር ተገናኙ። ሲኒው ገባ፤ የቤቱ ቅድስና ግን አልተነካም። እንዲያውም ያው የተጠላው መጠጥ የበረከት ማውረጃ ሆነ። የቡናው ፍሬ እንዲህ ከገባ፣ ፍሬውን የሚለቅመው ሰውስ ገብቷልን?

ከመስከረም ጀምሮ የቡናው ፍሬ ሲቀላ ወደ ቴፒና ወደ በበቃ ሰፋፊ እርሻዎች የቀን ሠራተኛው ይጎርፋል፤ ከወላይታ፣ ከከምባታና መሬት ከጠበበባቸው ሌሎች አካባቢዎች ይመጣል። ቅርጫቱን አንግቶ በዝናብ ውስጥ ሲለቅም ውሎ ማታ ከሰው ደጅ ሲቆም ግን «የእግዚአብሔር እንግዳ» የሚለው ጥሪ ብዙ ጊዜ መልስ አያገኝም። «ሌባ ይሆናል» ይባላል፤ «በሽታ ይኖርበታል» ይባላል። እውነት ለመናገር ይህ ሥጋት ከንቱ አይደለም። የመከር ጊዜ ከተማ በማያውቃት ሰው ትሞላለች፤ ልጆች ያሉት አባወራ ደጁን ቢዘጋ ልፈርድበት አልደፍርም። የሚገርመኝ ደጁን ከዘጋ በኋላ «ጌታ ሆይ ግባ» ብሎ መጸለዩ ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። በካፋና በሸካ ማንጃ በሚል ስም የሚታወቁት ወገኖች፣ ማር ቆርጠው፣ እንጨትና ከሰል ሸጠው የሚኖሩት፣ ለረጅም ዘመን ከጎረቤቶቻቸው ቤት እንዳይገቡና ከአንድ ዕቃ እንዳይበሉ ተከልክለው ኖረዋል። እህል ሲሰጣቸውም ከደጅ፣ በኮባ ቅጠል ላይ ነበር። ምክንያቱ ሲጠየቅ «የጉሬዛና የዱር አሳማ ሥጋ ይበላሉ» ይባላል። የ1966ቱ አብዮት ሰውን በዘርና በሙያ መናቅን አወገዘ፤ የ1967 የገጠር መሬት አዋጅም ባላባትንና ጭሰኛን አስወግዶ ገበሬውን በማኅበር አደራጀ። አዋጅ መሬትን ያከፋፍላል፤ በስብሰባ ላይ ሰውን ከሰው ጎን ያስቀምጣል። ስብሰባው ተበትኖ ሰው ወደየቤቱ ሲገባ ግን አዋጁ ከደፍ ላይ ይቀራል። ንቀቱ ዛሬ በብዙ ቦታ ላልቷል፤ ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለት ግን አይቻልም።

የንጽሕናን ጉዳይ ምክንያት የሚያደርግ ክርስቲያን ደግሞ የገዛ መጽሐፉን ቢያገላብጥ ይበጀዋል። የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 10 ይህንኑ ነገር ያወሳል። ጴጥሮስ ርኩስ የተባሉትን እንስሳት በራእይ አይቶ «አልበላም» አለ። ነገሩ ስለ ሥጋ ብቻ አለመሆኑን የተረዳው ግን የሮማዊው መቶ አለቃ የቆርኔሌዎስ መልእክተኞች ከደጁ ቆመው ሲጣሩ ነው። አስገብቶ አሳደራቸው፤ በማግሥቱም ተነሥቶ ወደማይገባበት ቤት ገባ። የእግዚአብሔር መንፈስ በአሕዛብ ቤት ወረደ የተባለው ከዚያ በኋላ ነው።

የእኛም አባቶች ስለ አብርሃም የሚተርኩት ከዚሁ ጋር ይገጥማል። አብርሃም ያለ እንግዳ እህል አይቀምስም ነበር። ሰይጣን ቀንቶ ይህን በጎነት ሊያጠፋ በተነሣ ጊዜ የአብርሃምን ጸሎት አላወከም፤ መሠዊያውንም አላፈረሰም። ከመንታ መንገድ ላይ ተቀምጦ «አብርሃም እንግዳ መቀበል ትቷል» እያለ አላፊ አግዳሚውን መለሰ እንጂ። አብርሃም ሦስት ቀን ጾሙን ከዋለ በኋላ ሦስቱ እንግዶች መጡለት። ተራኪዎቻችን ፈተናውን ከመሠዊያው ሳይሆን ከመንገዱ ላይ ማስቀመጣቸው፣ የእግዚአብሔር መግቢያ በየት በኩል እንደ ሆነ በሚገባ ማወቃቸውን ያሳያል።

«ይህ የአማኝ ጉዳይ ነው፤ እኔን አይመለከተኝም» የሚል አንባቢም ይኖራል። የማያምነውም ሰው ስለ እኩልነት በአደባባይ ይናገራል፤ ቤቱም ደጅ አለው።

እስካሁን ያወሳሁት ከደጅ ስለ ቆመው ነው። ከውስጥ ሆኖ ያልገባ ሰውም አለ። በሚዛንም ሆነ በአዲስ አበባ ቡናውን አጥባ፣ ቆልታ፣ ወቅጣ የምታፈላው ብዙውን ጊዜ ከገጠር የመጣች ልጅ ናት። ለሁሉም ትቀዳለች፤ ሰው ከጨረሰ በኋላ የተረፈውን ከምድጃው አጠገብ ትጠጣለች፤ እሱም ቢተርፍ ነው። ሽማግሌው ቤቱን ሲመርቅ «አሜን» ትላለች፤ ምርቃቱ እሷን ይጨምር እንደ ሆነ የጠየቀ የለም። ወንጌሉ ስለ ማርታ ሲተርክ በሥራ ብዛት መባከኗን ያነሣል፤ ማርታ ግን ቢያንስ የቤቱ እመቤት ነበረች፤ ለጌታም አቤት ለማለት አፍ ነበራት።

ይህች ልጅ ትምህርት ቤት ትገባ ይሆን፣ ደመወዟ በወቅቱ ይከፈላት ይሆን፣ በረካው ሲቀዳ ከሰው እኩል ትቀመጥ ይሆን ብሎ መጠየቅ ለብዙ ጸሎተኛ ቤት ከመንፈሳዊ ጉዳይ አይቆጠርም። ደጁ ሲንኳኳ ግን ከሰሉን ትታ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሥታ የምትከፍተው እሷው ናት። ከደጅ የቆመው ሰው የእግዚአብሔርን ስም ጠርቶ «ቤቶች» ይላል። «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብላ ለመመለስ ፈቃድ የላትም፤ ወደ ውስጥ ዞራ ታያለች።

«እትዬ፣ ሰው ቆሟል።»