ስምና ስለት

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በደብረ ታቦር ገበያ መጥረቢያ የሚሻ ገበሬ ርካሹ ቶሎ እንደሚዶለድም ያውቃል፤ ውዱም ከኪሱ በላይ ነው። በመካከለኛው ዋጋ ግን ሁለት ዐይነት ያገኛል፤ አንዱ ከውጭ አገር የመጣ፥ ማኅተም ያለበት ነው፤ ሁለተኛው ባለእጅ ከመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጦ ያወጣው፥ ምንም ስም የሌለበት ነው።

ስም መያዣ ነው። ባለ ማኅተሙ ዕቃው ቢሰበር ስሙ ይሰበርበታልና ይጠነቀቃል። ባለእጁስ ምን መያዣ አለው? እኛ ስም ነፈግነው፤ ይባስ ብለን «ቡዳ» አልነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ በዐዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ ቶሎ አልጠፋም። እዚሁ አጠገባችን በጋፋት የተሠራው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ እንጀራ የምንበላበትን ማረሻ የሠራው ግን አይጠራም።

የጋለ ብረት ውሃ ሲነከር ይጠነክራል፤ እጅግ ከጠነከረ ይሸረፋል፥ ከላላም ይታጠፋል። ስለዚህ ባለእጁ መልሶ በልክ ያሞቀዋል። ይህን ልክ ገዢ በዐይኑ አያየውም። ከባለእጆች መካከል ሥራውን የሚያበላሽ አለ፤ ነገር ግን የሚጠብቀው ስም ሳይኖረው ልኩን የሚጠብቅ ሰው፥ እኔ እንደሚመስለኝ፥ ከባለ ዝናው ይልቅ ታማኝ ነው።

እንግዲህ ማኅተሙን ብቻ ሳይሆን ስለቱን መርምር። መልካም ሆኖ ካገኘኸው የሠሪውን ስም ጠይቅ፤ ለጎረቤትህም ንገር። ለሚገባው ሰው ስሙን መስጠት ዕዳን መክፈል እንጂ ምጽዋት አይደለም።